ሳይጠሩት የሚመጣው የዶሮ መጽሐፍ

«የዶሮ እርባታ ለጀማሪዎች» እንደገና መጣ።

ቆይቱ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። የጻፈችው «ጂኦግራፊ 9» ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ የት እንዳለ ለማወቅ። የመጣላት ግን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ መጽሐፍ በሙሉ ነው። ሺህ አንድ መቶ አርባ መጽሐፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶሮው። ቅድም «ባዮሎጂ 8» ብላ ነበር፣ ዶሮ። ከዚያ በፊት «ቀይ 12» ብላ ነበር፣ አሁንም ዶሮ።

«ቆይ ቆይ ቆይ» አለች ለራሷ።

እውነተኛ ስሟን ያስረሳቻት ይቺው ቃል ናት። በየነገሩ ጣልቃ እየገባች «ቆይ፣ ይኼ ግን ለምን ሆነ?» ስለምትል፣ የክፍሏ ልጆች ቆይቱ ብለዋት ስሙ በዚያው ጸና። አስተማሪዎቹም ሳያስቡት ቆይቱ ይሏታል።

በሩ ተከፈተና ችግሬ ግማሽ ዳቦ አፉ ውስጥ፣ ግማሹን በእጁ ይዞ ገባ። እሱም ቢሆን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ «ችግር የለም» ነው። የቤት ሥራ ሠርተሃል? ችግር የለም። ነገ ፈተና እንዳለ ታውቃለህ? ችግር የለም። ባህሪውን በደንብ የሚያውቁት ልጆች አሳጥረው ችግሬ አሉት።

«አለቀ አይደል?» አለ እያላመጠ። «ዳይሬክተሩ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጡት።»

«ዶሮ ያመጣል» አለችው።

«ማን?»

«ፈልግልኝ።»

«ፈልግልኝ» ሁለቱ አምስት ወር ሙሉ የደከሙበት ፕሮግራም ነው። አንድ መጻፊያ ቦታ አለው። ተማሪው የሚፈልገውን ይጽፍበታል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሦስት ዝርዝሮችን ይጠይቃል፤ የመጻሕፍቱን ርዕስ፣ የመደርደሪያቸውን ቁጥርና የታተሙበትን ዓመት። የተሠራው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮች፣ አንድ መስኮት፣ እግሩ ስር የታጠፈ ወረቀት የተደረገለት ጠረጴዛና በመዝገብ ላይ ሰባት፣ በአካል ግን ሁለት አባላት ያሉት የኮምፒውተር ክበብ አላት።

ዳይሬክተሩ ክፍሏን ለሌላ ነገር ከተመኟት ቆይተዋል። በኮሪደሩ ጫፍ የተከመሩት የተሰበሩ ወንበሮች መግቢያ አጥተዋል። ስለዚህ ባለፈው ወር ቁርጡን ነገሯቸው። ፕሮግራሙ እስከዛሬ ዓርብ ድረስ በወጉ ተሞክሮ ከሠራ ክፍሏ የክበቡ ትሆናለች፤ ካልሠራ ወንበሮቹ ይገባሉ። ለቆይቱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤታቸው ውስጥ ለአምስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ነው ያለው። «ቆይ» ስትል ማንም የማይስቅባት ቦታም ይቺ ክፍል ብቻ ነበረች።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ ችግሬ፤ ወንበር ስቦም አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጂኦግራፊ» ብላ ጻፈች። አሥራ አራት መጽሐፍ መጣ፤ ሁሉም ጂኦግራፊ። «9» ብላ ጻፈች። ርዕሳቸው ላይ ዘጠኝ ያለባቸው መጡ። «ጂኦግራፊ 9» አለች።

ዶሮ።

«ለየብቻ ሲሆኑ ጨዋ ናቸው፤ ሲገናኙ ያብዳሉ» አለች።

«እንደ እኔና እንደ ታናሽ ወንድሜ በያ» አለ ችግሬ።

ይህን ጉድ ያወጡት እትዬ ካርድ ናቸው። እትዬ ካርድ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው፤ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ካርድ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ጽፈው በእንጨት መሳቢያ ደርድረዋል። ከካርዶቹ ሌላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለቻቸው። ተማሪ የጠየቃቸውን መጽሐፍ ወዲያው ካላገኙት «አላገኘሁትም፣ ነገ ና» ይሉና ጥያቄውን ልጁ እንዳለው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ቆርቆሮዋ ውስጥ ይከቱታል። ፈልገው ሲያገኙት ደግሞ የተገኘበትን ቦታ ከወረቀቱ ጀርባ ይጽፋሉ። ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮዋን አምጥተው ቆይቱ ፊት አስቀመጧት።

«እኔን ያስቸገረኝን እስቲ እሱን ጠይቂው» አሏት። «መልሱ ከጀርባ አለ፤ እንዳያታልልሽ።»

ከሠላሳ አንዱ ወረቀት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዶሮ አመጡ።

ቆይቱ አራተኛውን ልትጽፍ ስትል ከውጭ የፊሽካ ድምፅ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ሹመቱ ከመጣ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ፊሽካው ካንገታቸው አልወረደም። በሩን በትንሹ ከፈት አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። ችግሬ ዳቦውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እንዴት ነው፣ ደረሰ?»

«ችግር የለም ጋሼ!» አለ ችግሬ።

ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። «የዶሮ እርባታ? ማነው ይኼን የሚፈልገው?»

«በጣም ተፈላጊ መጽሐፍ ነው ጋሼ» አለ ችግሬ ዓይኑን ሳያሽ። «ሁሌ ከላይ ነው የሚወጣው።»

«አይ! እኔም እኮ አምስት ዶሮ አሉኝ። እንቁላል መጣል ካቆሙ ወር ሆናቸው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሉ ከደወል በኋላ እመጣለሁ። የሞከራችሁበትን ወረቀት አዘጋጁልኝ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት።»

በሩ ተዘጋ። ቆይቱ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሰው ቤት መብራት አስቸግሮ ሲጠሩት ገመድ አይነቅልም፣ ግድግዳም አይሰረስርም። ሁሉንም ያጠፋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራ ይጠብቃል። ሁሉንም ጨለማ የሚያደርገው ጥፋተኛ ተራው ሲደርስ ራሱ ይታወቃል። ቆይቱም እንደዚያው ሦስቱንም ዝርዝሮች አጠፋች።

የርዕሱን ብቻ አብርታ «ጂኦግራፊ 9» ብላ ጠየቀች። አንድ መጽሐፍ መጣ፤ ትክክለኛው። የርዕሱን ዝርዝር የጻፈችው እሷ ናት፤ ጥያቄውን ክፍተቱ ላይ ቆርጦ ሁለቱንም ቃላት የያዘ መጽሐፍ ይፈልጋል። የመደርደሪያውን ብቻ አበራች። ምንም አላመጣም። ይህም ልክ ነው፤ የመደርደሪያው ዝርዝር ጥያቄውን ሳይቆርጥ ሙሉውን ነው የሚወስደው፣ «ጂኦግራፊ 9» የሚባል መደርደሪያ ደግሞ የለም። የዓመቱን ብቻ አበራች።

ሺህ አንድ መቶ አርባ መጽሐፍ። ዶሮ።

«ተያዘ!» አለች።

«ማነው የጻፈው?» አለ ችግሬ።

ቆይቱ ዞር ብላ አየችው።

«እ…» አለ። «እኔ ነኝ ለካ።»

ኮዱን ከፍታ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይኼ ምንድን ነው? የተጠየቀው ቁጥር ካልሆነ ሁሉንም መጽሐፍ አምጣ ይላል።»

«እሱማ… ያኔ ቃል ስሰጠው ስህተት ስህተት እያለ ቀይ በቀይ ሆነብኝ። ሁሉንም አምጣ ስለው ዝም አለ።»

«ስላልገባው እኮ ነው የጮኸው! ዓመት ሲጠብቅ ጂኦግራፊ ሰጠኸው።»

«ገባኝ። ግን ሁሉንም ካመጣ የሚፈለገውም መጽሐፍ እዚያው ውስጥ አለ አይደል?»

«እትዬ ካርድን መጽሐፍ ስትጠይቃቸው የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አንስተው ቢሰጡህስ?»

ችግሬ ይህን አሰበበት። «እሳቸው አያደርጉትም» አለ በመጨረሻ።

ቆይቱ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ጥያቄው ውስጥ ቁጥር ከሌለ ፕሮግራሙ የዓመቱን ዝርዝር ጨርሶ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ቃል ብቻ ሲጻፍ ዶሮው አይታይም። ቃልና ቁጥር ሲቀላቀል ግን ሁሌም መምጣት አለበት። ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ከጠረጴዛው ላይ የሙከራውን ወረቀት አነሳች። ሁለት መቶ ጥያቄ፣ ሁለት መቶ የ«ሠርቷል» ምልክት፣ ከታች የችግሬ ፊርማ። ሰባተኛው ጥያቄ «ኬሚስትሪ 7» ይላል፤ ምልክቱ አለ።

«ስንቱን ነው የሞከርከው?»

«ብዙ ነው።»

«ስንት?»

«ብዙውን።»

«ችግሬ!»

«ስድስት» አለ።

«ከሁለት መቶ?»

«ሰባተኛውን ልጀምር ስል ኳስ ተጀመረ። ምልክቱን እያየሁ ነው ያደረግኩት… ኳሱን ማለቴ ነው።»

ቆይቱ ተናደደች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አምስት ወር! ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ወረቀቱን በድጋሚ ስታየው ሌላ ነገር አስተዋለች። ምልክቶቹ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው የተሠሩ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሲሰጣት ይህንኑ ወረቀት አይታ ነበር። በየነገሩ ቆይ የምትለው ልጅ ያን ቀን ቆይ አላለችም። ክፍሏን ስለፈለገች ደስ ብሏት ተቀበለችው። ይህን ስታስብ ከችግሬ ይልቅ በራሷ አፈረች።

«ወረቀቶቹን አንብብልኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እጽፋለሁ።»

መጀመሪያ ያቺን መስመር አጠፋቻት። በምትኳ፣ የተጠየቀው ቁጥር ካልሆነ የዓመቱ ዝርዝር ምንም መጽሐፍ እንዳያመጣና ከስር «የዓመቱ ዝርዝር ጥያቄው አልገባውም» ብሎ እንዲጽፍ አደረገች።

«አልገባኝም የሚል ኮምፒውተር?» አለ ችግሬ። «በሰው ፊት! ያዋርደናል እኮ።»

«አንብብ።»

ችግሬ እያነበበ፣ እሷ እየጻፈች፣ መልሱን ከብጣሹ ጀርባ እያመሳከሩ ቀጠሉ። «ጂኦግራፊ 9» ተገኘ። «ባዮሎጂ 8» ተገኘ። «ቀይ 12» ተገኘ፤ ቀይ ቀለም ከተቀባው መደርደሪያ አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ። ችግሬ በየመሐሉ «ኧረ ይኼ ነገር ይሠራል!» እያለ ራሱን ይዞ ይገረም ነበር። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ ልክ መጡ። አምስቱ እምቢ አሉ። አምስቱም ቃልና ዓመት የተጻፈባቸው ናቸው፤ «ታሪክ 1995» የሚሉ ዓይነት። ቃሉ ለርዕሱ፣ ዓመቱ ለዓመቱ ዝርዝር ተከፍሎ መሰጠት ነበረበት።

«ቀላል ነው፤ ለሁሉም ዝርዝር ቆራርጠሽ ስጪያቸው» አለ ችግሬ።

ቆራርጣ ሰጠቻቸው። «ታሪክ 1995» ተገኘ። ቆይቱ እንዳትደሰት ፈርታ «ቀይ 12» ብላ ጻፈች። መደርደሪያው ጠፋ፤ «የቀይ ሽንኩርት አመራረት» መጣ።

«ዶሮ ሄዶ ሽንኩርት መጣ» አለ ችግሬ። «ምሳ እየሠራሽ ነው እንዴ?»

ሳትፈልግ ሳቀች። የመደርደሪያው ዝርዝር ሙሉውን ይፈልጋል፣ የዓመቱ ዝርዝር ቁራጩን፤ ሁለቱን በአንድ ቢላ መቁረጥ አይቻልም። ለእያንዳንዱ የራሱን አቆራረጥ ለመጻፍ ቀናት ያስፈልጋታል። የቀረው አምስት ደቂቃ ነው። አቆራረጡን እንደነበረ መለሰችውና «ቀይ 12» እንደገና መገኘቱን አረጋገጠች።

ደወሉ ተደወለ። ዳይሬክተሩ ገቡ፤ ከኋላቸው እትዬ ካርድ መነጽራቸውን እያስተካከሉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ችግሬ ከኪሱ የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት ወረቀት አወጣ። በቆይቱ ጆሮ «አሥር ጥያቄ» አለ። «ሁሉም ቃል ብቻ ናቸው። አንቺ ስትቆራርጪ እኔ በዚያኛው ኮምፒውተር ሞክሬያቸዋለሁ። እውነቴን፣ እኔ ልሙት! አሥሩም።»

አሥሩም ሠሩ። «ግጥም»፣ «ኮከብ»፣ «የልብ በሽታ»። ዳይሬክተሩ በእያንዳንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ፊሽካቸውን በጣታቸው ያሽከረክሩ ጀመር።

«ጎበዞች!» አሉ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠበቅኩም ነበር። እስቲ ወረቀቱን።» ሁለት መቶውን ምልክት አይተው አፏጩ። «ሁለት መቶ! በይ እዚህ ጋ ፈርሚና ቁልፉን ልስጥሽ።»

ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። ቆይቱ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ችግሬ ያያታል። እትዬ ካርድ በሩ ላይ ባዶዋን ቆርቆሮ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል፤ ሠላሳ አንዱ ብጣሽ የት እንዳለ ያውቃሉ። ቆይቱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ቆይ» አለች።

«ምን ቆይ አለው?» አሉ ዳይሬክተሩ። «ፊርማ ነው።»

200 የሚለውን ሰረዘችና ከጎኑ 31 ብላ ጻፈች። ከስሩ ደግሞ «26 ተገኙ፣ 5 አልተገኙም» አለች። ከዚያ ፈረመች።

«ሁለት መቶውን አልሞከርነውም ጋሼ» አለች። «የሞከርነው ዛሬ ነው፤ በእትዬ ወረቀቶች። አልሞከርነውም» ብላ ደገመች፤ አልሞከረውም አላለችም። ችግሬ ቀና ብሎ አያት።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ «ስፖርት 1995» ብለው ጻፉ። ሁሉም ጠበቀ። ስክሪኑ ላይ አንድም መጽሐፍ አልመጣም፤ ከታች «የዓመቱ ዝርዝር ጥያቄው አልገባውም» የሚል ወጣ።

«ገና ተማሪ እያለሁ ያነበብኩት መጽሐፍ ነበር» አሉ ዳይሬክተሩ ቅር ብሏቸው።

እትዬ ካርድ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይፍረዱበት» አሉ። «ቢያንስ ሳያውቅ አውቃለሁ አላለም። እኔም መጀመሪያ ሲጠይቁኝ አላገኘሁትም ብዬዎት ነበር።» ወደ መሳቢያቸው ሄደው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካርዱን ይዘው መጡ። ካርዶቹ ገና እንደማይጣሉ ስለገባቸው ደስታቸውን ሊደብቁ ሞክረው አልቻሉም።

«እንግዲህ አላለቀም ማለት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አላለቀም ጋሼ።»

«ወንበሮቹ ይገባሉ።»

ቆይቱ ራሷን ነቀነቀች። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ቆም አሉና ክፍሏን በዓይናቸው ለኩ።

«ግማሹ ድረስ» አሉ። «ግማሿ ሁለት ሳምንት ትጠብቃችሁ። በሁለት ሳምንት ትጨርሱታላችሁ?»

የጠየቁት ችግሬን ነው። ችግሬ አፉን ከፈተ። «ችግር…» አለና ቆመ። ስክሪኑን አየ፣ ጫማውን አየ።

«አላውቅም ጋሼ» አለ። «እየሞከርን እንነግርዎታለን።»

ዳይሬክተሩ ልጁን አዲስ እንደመጣ ተማሪ አዩት። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ግን ተመለሱ።

«ያ የዶሮ መጽሐፍ… እውነት አለ ወይስ የእናንተ ሥራ ነው?»

«አለ» አሉ እትዬ ካርድ። «ማንም አንስቶት አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ልጆች ወንበር ሲያጓጉዙ ቆዩ። እግር የሌለው፣ መደገፊያ የሌለው፣ ሁለቱም የሌለው። ክፍሏ በግማሽ ስትሞላ ጠረጴዛውን መስኮቱ ስር አስጠግተው፣ መደገፊያ የሌላቸውን ሁለት መርጠው ተቀመጡ። ቆይቱ አዲስ ወረቀት አወጣችና አሰመረችበት። ሙሉውን ራሷ ለመሞከር አስባ ነበር፤ ወንበር ስትሸከም ወስና ጨርሳዋለች። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በጠረጴዛው ላይ ወደ ችግሬ ገፋችለት።

ችግሬ ተራ ቁጥር አንድ ላይ «ዶሮ» ብሎ ጻፈ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮም ያንኑ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አየር ላይ እንደያዘ፣ ስክሪኑ እስኪመልስለት ድረስ ጠበቀ።